ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሰው አይናገርም

ኤመት ዙሬክ የአዳራሹን ምድጃ ማንደድ የጀመረው ከብረት ቱቦ ፋብሪካው ጡረታ በወጣ በሁለተኛው ሳምንት ነው። ማንም አልለመነውም። ቁልፉን ከቤዝቦል ደጋፊዎች ማኅበር ጸሐፊ ከዶሎሬስ ፒንተር ተቀበለ፤ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ መጣ፤ አመዱን ዛቀ፤ ከሰል ጨመረ፤ የሠላሳ ሁለቱን አባላት ወንበሮች ደረደረ። እንዲህ እያለ አሥራ ሁለት ጥር አለፈ።

አዳራሹ የአርበኞች ማኅበር ሕንፃ ምድር ቤት ነው። በሙቀቱ ወራት ማንም አይገባበትም። የቤዝቦል ጨዋታ አብቅቶ በረዶ ሲወድቅ ግን የድሮዎቹ የአንጥረኞች ደጋፊዎች እዚያ ምድጃ ዙሪያ ይሰበሰባሉ። አንጥረኞች የከተማችን ቡድን ነበር። ሊጉ ከፈረሰ አርባ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ሜዳው ላይ ዛሬ የጎማ መሸጫ ቆሟል። ክርክሩ ግን አልፈረሰም። ማን ከማን ይበልጣል፣ የማን ሽልማት የሚገባው ነበር፣ የማንስ የችሮታ፣ የትኛው ክለብ የትኛውን ሰው ማስፈረም ሲኖርበት ለቀቀ፤ በዚህ ነገር ወንድማማቾች ሲኮራረፉ አይቻለሁ።

በጥር የመጨረሻው እሑድ አንድ የቀድሞ ተጫዋች ወንበሩ ላይ ይቀመጣል። ወንበሩ ከፈረሰው ሜዳ የተረፈ፣ አረንጓዴ ቀለሙ የተላላጠ፣ እግሩ ብረት የሆነ ታጣፊ ነው። አንድ ሰው ለተቀማጩ ይከራከራል፤ ሌላው በእሱ ላይ። በእሱ ላይ መናገር የፈለጉ ሰዎች ስማቸውን ቆብ ውስጥ ይጥሉና አንዱ ይወጣል። ወረቀት ተሰጥቶ ተቆጥሮ እስኪያልቅ ድረስ ወንበሩ ላይ ያለው ሰው አይናገርም። ከተናገረ ወደቀ። ከአራት ሦስት እጁ "ይሁን" ካለ ስሙ ከታላላቆቹ ተርታ ግድግዳው ላይ ባለው የእንጨት ሳንቃ ላይ በጋለ ብረት ይጻፋል። ካላለ አለቀ፤ አንድ ሰው ሁለቴ አይቀመጥም። ተቀማጩም እንደማንኛውም አባል ወረቀት ይሰጠዋል፤ ነገር ግን ባዶውን አጥፎ ያስገባል ይባላል። ይህ ደንቡ ላይ የለም። ጨዋነት ነው ይባላል።

ደንቡን በወፍራም ወረቀት ላይ በእጁ ገልብጦ በሩ አጠገብ የሰቀለው ኤመት ነበር። እሱ ራሱ ከመቀመጡ ሁለት ዓመት በፊት አንዲት መበለት፣ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ሳይመረጥ የሞተው ባሏ ድምፅ በሁለት ሰው ስለጎደለ እንደገና ይቆጠርልኝ፣ እንደገና ይሰጥልኝ ብላ ስታለቅስ፣ ወረቀቱን በጣቱ ያሳያት እሱ ነው። "እመቤት፣ ደንብ ነው" አላት። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ሰው ሁሉ እንደሱ በደንብ የሚኖር ይመስለው ነበር።

ኤመት የአንጥረኞች የአንደኛው ቤዝ ጠባቂ ነበር። በ1961፣ በሃያ ሁለት ዓመቱ፣ የሊጉ ምርጥ መቺ ተብሎ ትንሽ የብር ዱላ ተሸለመ። በዚያው ነሐሴ የአንድ ትልቅ ክለብ ተጫዋች መልማይ በባቡር መጣና ባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ባለው ሆቴል አስጠራው። ሁለት ሺህ ዶላርና አንድ የውል ወረቀት አቀረበለት። ኤመት "ሌሊቱን ላስብበት" ብሎ ወጣ። ያን ማታ የቡድኑ ኳስ ያዥ የሆነው ጓደኛው ቨርን ሃሎራን የአባቱን የጭነት መኪና ይዞ ወንዙ ዳር ወሰደው። "ሞኝ አትሁን፣ ኤም። እጥፍ ጠይቅ። አንተን ካላገኙ ማንን ሊያገኙ ነው? ይመለሳሉ" አለው። ኤመት ጠዋት ሄዶ አራት ሺህ አለ። መልማዩ ቆቡን አነሳና "ሐሙስ እመለሳለሁ" አለ። አልተመለሰም። ኤመት አራት ዓመት እዚሁ ተጫወተ፤ ጉልበቱ ሲከዳው ቱቦ ፋብሪካ ገባ፤ ሠላሳ ሁለት ዓመት ትኩስ ብረት ገፋ።

ይህን የወንዝ ዳር ነገር እሱ ለማንም አልተናገረም። ልጁ ጆአን ናት በኋላ የነገረችኝ። ሆድ ይፍጀው ያለው ነገር ነበር።

እሱ ተራው ደርሶ ሲቀመጥ ሰባ አንድ ዓመቱ ነበር። እኔ በዚያ ዓመት ገና የገባሁ፣ ከሁሉ ታናሽ አባል ነበርኩ። ዕለቱን አስታውሰዋለሁ፤ ኤመት ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ የለበሰውን ልብስ እንዳያቆሽሽ በሽርጥ ሸፍኖ ምድጃውን ራሱ አነደደ፤ ወንበሮቹን ራሱ ደረደረ፤ የራሱንም አረንጓዴ ወንበር ራሱ ተሸክሞ መሃል ላይ አቆመ። ከዚያ ሽርጡን ፈታና ተቀመጠበት። ጆአን የአራት ሰዓት መንገድ ነድታ መጥታ ነበር። ከኋላው ተቀምጣ ካሜራዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋለች። ሳንቃው ላይ ዘጠኝ ስም አለ። ከዘጠነኛው በታች ያለውን ባዶ ቦታ ኤመት በዚያ ሳምንት በዘይት ወልውሎታል፤ እያብረቀረቀ ነበር። ሁላችንም አየነው።

ፀጉር አስተካካዩ ኬኒ ሩሶ ለእሱ ተናገረ። ኬኒ ቁጥር ይወዳል። "ከሺህ ሦስት መቶ አርባ አንድ መትቷል። ሦስት መቶ የመታ ሰው በየትም አገር ይከበራል። የብር ዱላውን አያችሁት፤ ከዚህ ከተማ ያንን ያገኘ ሌላ ሰው ካለ ስሙን ንገሩኝና ዓመቱን ሙሉ በነፃ ላስተካክለው" አለ።

"የቀረችህን ሦስት ደንበኛ እንዳታጣ" አለ አንዱ ከኋላ። ሳቁ። ኬኒም ሳቀ። ነገሩ መልካም ይመስል ነበር።

ከዚያ ዶሎሬስ ከቆቡ ውስጥ ወረቀት አወጣች። ቨርን ሃሎራን።

ቨርን ከወንበሩ ሲነሳ ሰው ሁሉ ወንበሩን አስጠጋ። ምላሱ የታወቀ ነው። የሱ ስም ሳንቃው ላይ ሰባተኛ ነው፤ በተቀመጠበት ዓመት በሃያ አራት ድምፅ፣ በልኩ፣ ያለፈ ነው። ያን ቀን ለእሱ የተናገረው ኤመት ነበር።

"ወንድሞቼ፣ ኤመትን እወደዋለሁ" ብሎ ጀመረ። "ሰርጌ ላይ ሚዜዬ ነበር። ስለዚህ ቀስ ብዬ ነው የማርደው።"

ሳቅ ሆነ። ኤመትም ፈገግ አለ።

"የቀኝ አጥራችንን የምታስታውሱ አላችሁ? ሁለት መቶ ሰማንያ ጫማ ብቻ፤ ማንም ያሻግረዋል። የዶሎሬስ እናት ከአጥሩ ወዲያ ልብስ ታሰጣ ነበር። ዶሎሬስ፣ እስቲ ንገሪያቸው፣ ስንት ኳስ ከአንሶላ ውስጥ ታወጡ ነበር?"

"እሑድ እሑድ ሁለት ሦስት" አለች ዶሎሬስ ሳትወድ።

"አያችሁ። የኤመት የብር ዱላ ከአንሶላ ውስጥ የወጣ ነው። ኬኒ፣ አንተ ቁጥር ትወዳለህ፤ ከከተማ ውጭ ስንት እንደመታ ለምን አልነገርከንም?"

"ያንን ለይቼ አልቆጠርኩም" አለ ኬኒ።

"እኔ ቆጥሬያለሁ። ሁለት መቶ አርባ ስምንት። አማቴ በአንድ እጇ ወጥ እያማሰለች ያንን ትመታለች።"

ሰዎቹ ጉልበታቸውን እየመቱ ሳቁ። ቨርን እስኪበርድላቸው ጠበቀ።

"እሺ፣ መምታቱ ይቅር። ጓንቱን እንይ። ገስ እዚህ አለ።" ወደ ገስ ታባክ ጠቆመ። ገስ የድሮ ኳስ ወርዋሪያችን ነው፤ እጁ የሚንቀጠቀጥ፣ ድመት እንኳ የማያባርር ሰው። በ1964 በአንድ ጨዋታ ለተጋጣሚው ቡድን አንዲት ምት እንኳ ሳይሰጥ ዘጠኙንም ዙር ጨርሷል፤ በሜዳ ጠባቂ ጥፋት ያመለጠች ኳስ እንደ ምት አትቆጠርም። የሊጉ የዓመቱ ምርጥ ወርዋሪ ያስባለችው ያች ጨዋታ ናት። ኳሷም ከሳንቃው ሥር በመስታወት ሳጥን ተቀምጣለች። "ያን ቀን ዘጠኝ ሰው ሜዳ ላይ ነበር። ስምንቱ ምንም አላጠፋም። ስድስተኛው ዙር ላይ ቀላል ኳስ ለቆ የገስን ቀን ሊያበላሽ የነበረው ማን ነው?"

"ተወው፣ ቨርን። እኔ ረስቼዋለሁ" አለ ገስ።

"አንተ መልካም ሰው ነህ፣ ትረሳለህ። ሳንቃ ግን አይረሳም።" ድምፁን ዝቅ አደረገ። "አሁን ወደ ፊርማው እንምጣ። ነሐሴ 1961። መልማዩ ሁለት ሺህ ዶላር ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። የኛ ጌታ ምን አሉ? አራት ይሁን አሉ። መልማዩም ሐሙስ እመለሳለሁ ብሎ ሄደ። እነሆ እስከ ዛሬ ሐሙስ አልደረሰም።"

ይህኛው ሳቅ ረጅም ነበር። የኤመት ፈገግታ አሁንም ፊቱ ላይ ነበር፤ ግን ባለቤቱ ረስቶት እንደሄደ ዕቃ ሆኖ ነበር።

"በዚያው ሳምንት ያው መልማይ ከወንዙ ማዶ ሌላ የአንደኛ ቤዝ ልጅ በሺህ አምስት መቶ አስፈረመ። ያ ልጅ አሥራ አንድ ዓመት በትልቁ ሊግ ተጫወተ። ታላቅነት ማለት ይሄ ነው፤ ሲጠሩህ መሄድ። ኤመት ሲጠሩት ዋጋ ጠየቀ። ለምን? ፈርቶ ነው። ሄዶ ከመውደቅ ሳይሄዱ መቅረት ይሻላል ብሎ ነው። ክለቡም ይህን አየና ተወው። ከክለቡ በልጠን እናውቃለን የምትሉ 'ይሁን' ብላችሁ ጻፉ።"

ከዚያ ዞሮ ኤመትን ዓይን ዓይኑን አየው።

"ከዋሸሁ ይናገር" አለ።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ፤ ምክንያቱም መናገር እንደማይችል ሁሉም ያውቃል። ኤመት አፉ ትንሽ ተከፈተ። ጆአን ከኋላ ትከሻውን ስትይዘው አየሁ። አፉ ተዘጋ።

ወረቀት ታደለ። እኔ ምን እንደጻፍኩ ልናገር። "አይሁን" ብዬ ጻፍኩ። ኤመትን ጠልቼ አይደለም፤ ንግግሩ ስላማረኝ ነው።

ዶሎሬስ ቆጠረች። አንዴ ጨርሳ እንደገና ቆጠረች። "ሃያ ሦስት ይሁን። ስምንት አይሁን። አንድ ባዶ" አለች።

ሃያ አራት ነበር የሚያስፈልገው። ከሰሉ ምድጃው ውስጥ ሲናድ ተሰማ።

"ባዶ የሚያስገባ ማን ነው?" አለ ኬኒ ተቆጥቶ። "ሰው ወይ ይወዳል ወይ ይጠላል። ማነው?"

"እኔ ነኝ" አለ ኤመት። ከቆጠራው በኋላ መናገር ይችል ነበር። "ተቀማጩ ባዶ ነው የሚያስገባው።"

ቨርን መጀመሪያ ያልገባው መሰለ። ከዚያ ሳቁ መጣ፤ ሊያቆመው ሞከረ፤ አልቻለም። "ኤም፣ በእውነት ባዶ አስገባህ? እኔ ራሴን 'ይሁን' ብዬ ነው ያለፍኩት እኮ። ሁሉም ራሱን ነው የመረጠው። ያ ለወሬ የሚባል ነገር ነው።" ወደ ሳንቃው ባለስሞች ዞረ። "ባዶ ያስገባ አለ እስቲ ከእናንተ?"

በሕይወት ያሉት አራቱ ጫማቸውን አዩ።

"እንደገና ይሰጥ" አለ ኬኒ። "አንዲት ወረቀት ናት። የራሱ ወረቀት ናት።"

"ደንቡን አንብብ፣ ኬኒ። በሩ አጠገብ ነው፤ ጽሕፈቱም ያምራል" አለ ቨርን።

ያቺ መበለት በዚያ ቀን አዳራሹ ውስጥ አልነበረችም። ቢያንስ ከዚያ ተረፈ።

ተቀማጩ በመጨረሻ ሦስት ደቂቃ ይሰጠዋል። ኤመት ተነሳ። አረንጓዴውን ወንበር አጠፈና ብብቱ ሥር አደረገው። ሁላችንንም ዞሮ አየን። ይናገራል ብዬ ጠበቅሁ።

"ቋሊማው እየቀዘቀዘ ነው" አለ።

በላን። እሱ ሽርጡን መልሶ አስሮ ቋሊማና የኮመጠጠ ጎመን አደለን። ለቨርንም ሰጠው፤ ሰናፍጭም ጨመረለት። ወረቀቶቹን እንደ ልማዱ ምድጃ ውስጥ ከተታቸው። ገስ ታባክ ሊወጣ ሲል የኤመትን እጅ ያዘና፣ "እኔ 'ይሁን' ነው ያልኩት፣ ኤም። ያቺን ኳስ ከድሮም ይቅር ብዬሃለሁ" አለው። ከደግነቱ ነው። የኤመት ፊት በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቀላ ያየሁት ያኔ ነው።

ጆአን ካሜራዋን ምንም ሳታነሳበት ወደ ቦርሳዋ መለሰች። መኪና ውስጥ ጠየቀችው።

"አባዬ፣ ያ የፊርማው ነገር እውነት ነው?"

"እውነት ነው።"

"እጥፍ ጠይቅ ብሎ የመከረህ ሰው ነበር?"

"ቨርን" አለ፤ ወንዝ ዳር የሆነውንም ነገራት።

"ታዲያ በመጨረሻ ለምን አልተናገርክም? ሦስት ደቂቃ ሰጥተውህ ነበር እኮ።"

"ከተሸነፉ በኋላ የሚናገሩት እውነት ለቅሶ ነው" አላት።

ዓመቱን ሙሉ የሆነ ነገር ይሆናል ብለን ጠበቅን። አዳራሹን ይተዋል ያሉ ነበሩ፤ ምድጃውን ለማንደድ ሌላ ሰው ለመፈለግ ዶሎሬስ ሁለት ሰው አነጋግራ ነበር። ኤመት ግን በኅዳር መጀመሪያ ቁልፉን ይዞ መጣ። አመዱን ዛቀ፤ ወንበር ደረደረ። ከዘጠነኛው ስም በታች ያለው ቦታ አቧራ ነበረበት፤ እሱን ብቻ አልነካውም።

በሚቀጥለው ጥር ተራው የገስ ነበር። ገስን የሚጠላ ሰው በከተማው ስለሌለ በእሱ ላይ ለመናገር የሚደፍር ይጠፋል ብለን አሰብን። ቨርን እንኳ፣ "ገስ ላይ መናገር ሕፃን እንደ መምታት ነው፤ እኔን ተዉኝ" አለ። ዶሎሬስ እጇን ቆቡ ውስጥ አስገባች። አንድ ወረቀት ብቻ ነበር ያለው።

"ኤመት ዙሬክ" ብላ አነበበች፤ ቀና ብላም አየችው።

ኤመት ከምድጃው አጠገብ ተነሳ። በአሥራ ሦስት ዓመት ውስጥ በሰው ላይ ለመናገር ስሙን አስገብቶ አያውቅም። ቀልድ አይችልም፤ አልሞከረምም። እጁን ወደ ኋላ አድርጎ እንደ ምስክር ቆመ።

"ስድስተኛው ዙር" አለ። "ኳሷ ወደ እኔ መጣች። ከመሬት ነጥራ ጓንቴን አልፋ ሄደች። ማንም አይይዛትም ነበር። ንጹሕ ምት ነበረች። ከዙሩ በኋላ ወደ ጨዋታው መዝጋቢ ወጣሁና 'የኔ ጥፋት ናት ብለህ ጻፍ፤ የልጁን ቀን አናበላሽበት' አልኩት። ጻፈ። ገስ በማግስቱ ጋዜጣ ላይ ወጣ፤ ሽልማቱም መጣለት። እኔ በማግስቱ ዳቦ ቤት ስገባ 'እጀ ሰባራው መጣ' አሉኝ። አርባ ሰባት ዓመት እጀ ሰባራ ነኝ። ዓምናም እዚሁ ቆማችሁ አላችሁኝ። ገስም ይቅር አለኝ።"

ወደ መስታወት ሳጥኑ ጠቆመ።

"ያቺ ኳስ እዚያ ሳጥን ውስጥ መቀመጥ የለባትም። ጨዋታው አንድ ምት የተመታበት ተራ ጨዋታ ነው። ያቺ ጨዋታ ከሌለች ደግሞ ገስ ምንድን ነው? ግማሹን አሸንፎ ግማሹን የተሸነፈ ወርዋሪ።" ወደ አረንጓዴው ወንበር ዞረ። "ከዋሸሁ ይናገር።"

ማንም አልሳቀም። ገስ ወንበሩ ላይ እጁን ለማስቆም በሌላው እጁ ይዞት ነበር፤ ሁለቱም አብረው ይንቀጠቀጡ ነበር። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ደንቡን ያከብራል፤ ድምፅ አላወጣም።

በኋላ ቤተ መጻሕፍት ሄጄ የ1964ን ጋዜጣ አገላብጬ ነበር። "ዙሬክ ኳስ ሳተ" ይላል፤ ሌላ ነገር የለበትም። መዝጋቢው በ1979 ሞቷል። እውነቱን የሚያውቅ አንድ ሰው ነው።

ዶሎሬስ ቆጠረች። "አሥራ አንድ ይሁን። ሃያ አንድ አይሁን። ባዶ የለም።"

ገስ ሦስት ደቂቃው ተሰጠው። የወንበሩን መደገፊያ ይዞ ተነሳ።

"እኔ ወርውሬ ስጨርስ ጀርባዬ ወደ አንደኛው ቤዝ ስለነበር ኳሷን በደንብ አላየኋትም" አለ። "ግን ኤመት ካለ እውነት ነው። ኤመት ዋሽቶ አያውቅም። እኔም 'አይሁን' ብዬ ነው የጻፍኩት።" ከዚያ ወደ ኤመት ዞሮ፣ "ይህን ሁሉ ዓመት ስለተሸከምክልኝ አመሰግናለሁ" አለው።

ኤመት ራሱን ነቀነቀ። ወረቀቶቹን ሰበሰበና ምድጃው ውስጥ ከተታቸው።

ምግቡ ሲቀርብ ቨርን አጠገቡ ያለውን ወንበር በእግሩ ሳበ። "ና፣ እዚህ ተቀመጥ። ዛሬ ሌላ ሰው ያድል" አለው። በአሥራ ሦስት ዓመት ኤመት ከባለስሞቹ ጠረጴዛ ሲቀመጥ የመጀመሪያው ነበር። ሰዎች እያለፉ ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። አንዱ እንዲህ ያለ ንግግር ቨርንም ተናግሮ አያውቅም አለ፤ ቨርንም አልተቃወመም።

ቨርን ወደ ጆሮው ጠጋ ብሎ፣ "ለኔ ንገረኝ፤ መዝጋቢው ጋ በእውነት ወጥተሃል?" አለው።

ኤመት ቋሊማውን በቢላ እየቆረጠ ነበር። "ገስን ጠይቀው" አለ። "አሁን መናገር ይችላል።" ከዚያ እጁን ዘረጋና፣ "ሰናፍጩን አቀብለኝ" አለው።

ቨርን አቀበለው።

ገስ በሩ አጠገብ፣ ደንቡ ከተሰቀለበት ሥር ቆሞ ኮቱን ለመቆለፍ ይታገል ነበር። የላይኛው ቁልፍ ከቀዳዳው እየሾለከ አስቸገረው። ሁላችንም ከተቀመጥንበት እናየው ነበር። ቢቸግረው ኮቱን በእጁ ገጥሞ እንደያዘ በረዶው ውስጥ ወጣ።